አዲስ መኪና ከየት ይገዛል? ከኤግዚቢሽን አዳራሽ ወይስ ከወኪል ድርጅት?

በገጠር ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በመጀመሪያ ዙሪያዋን ዞሮ ያያታል። ቀጥሎ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ይመለከታል፤ እግሯን ያነሳል፤ ጀርባዋን ይዳብሳል። ከዚያም ተቀምጦባት ጥቂት መንገድ ሄዶ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ፈጽሞ በዋጋ ከተስማማ በኋላ እንኳ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለው። «ዋስህ ማነው?» ይላል። በቅሎዋ የሌላ ሰው ንብረት ሆና ብትገኝ ወይም የተደበቀ አመል ቢኖራት ነገ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ማረጋገጡ ነው።

አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከበቅሎ ገዢው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ያወጣል። ይሁን እንጂ የበቅሎ ገዢውን ያህል ሲጠነቀቅ ሁልጊዜ አይታይም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተደረገ አንድ ክርክር ነው። ከባልደረቦቻችን አንዱ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከቁጠባና ብድር ማኅበር በሚያገኙት ብድር ላይ ጨምረው መኪና ለመግዛት አስበዋል። ገሚሶቻችን «ኤግዚቢሽን ሲከፈት ጠብቀው ይግዙ፤ የዋጋ ቅናሽ ይደረጋል፤ ምርጫም ይኖራል» ስንል፣ ገሚሶቻችን ደግሞ «ከታወቀ ወኪል ይሻላል» አልን። ክርክሩ በደወል ተቋረጠ። እኛ ግን ነገሩን መርምረን ለአንባቢያን ለማቅረብ ወሰንን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ኤግዚቢሽን እንዴት ተጀመረ?

የመኪና ኤግዚቢሽን ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው መኪናዎች በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ለሕዝብ የሚታዩበት፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ ትርኢት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ በ1898 በፓሪስ ከተማ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ተካሂዷል። በዚያ ዘመን መኪና ገና እንግዳ ነገር ስለ ነበረ በእርግጥ መሄዱን የሚጠራጠር ሰው ብዙ ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ አንድ ብልህ ደንብ አወጡ። ይኸውም ለትርኢት የሚቀርብ መኪና ሁሉ አስቀድሞ ከፓሪስ እስከ ቬርሳይ በራሱ ኃይል ሄዶ እንዲመለስ የሚያዝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1900 በኒው ዮርክ ከተማ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ በተከፈተው ኤግዚቢሽን ደግሞ መኪናዎቹ እየተነዱ የሚታዩበት ከእንጨት የተሠራ መንገድ በአዳራሹ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ኤግዚቢሽኖች እውነተኛ ገበያዎች ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ትናንሽ ስለ ነበሩና በየከተማው ወኪል ስላልነበራቸው፣ ገዢው ቀብድ ከፍሎ ያዝዛል፤ ፋብሪካውም ትእዛዙን ይዞ ይሠራል። አዘጋጆቹ ለገዢው የሰጡት ትልቁ አገልግሎት ግን አዳራሹን ማስዋብ ሳይሆን «ይህ መኪና መሄዱ ተፈትኗል» ብለው ማረጋገጣቸው ነበር። ዛሬ በአዳራሽ ምንጣፍ ላይ ቆሞ በመብራት የሚያብረቀርቅ መኪና ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። አንዳንዱ ለትርኢት ብቻ የተሠራ ናሙና ነው። ሌላው ደግሞ ከዓይነቱ ሁሉ ውድ የሆነው፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት ነው። ገዢው በኋላ የሚረከበው መኪና ግን በዋጋውም በዕቃውም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ወኪል ለምን አስፈለገ?

መኪና በብዛት መሠራት ሲጀምር ፋብሪካዎች አንድ እውነት ተረዱ። ይኸውም መኪናው ተሸጦ ሲያበቃ የገዢው ጉዳይ የሚያበቃ ሳይሆን ገና የሚጀምር መሆኑን ነው። ዘይት ይለወጣል፤ የፍሬን ሸራ ያልቃል፤ አንድ ቀን አንድ ነገር ይሰበራል። ለዚህም ነው ፎርድን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች በየከተማው ወኪሎችን ያበዙት።

ወኪል ማለት ከፋብሪካው ጋር ውል ገብቶ መኪናውን የሚሸጥ፣ መለዋወጫ የሚያከማች፣ መካኒኮችን የሚያሠለጥንና በዋስትናው ዘመን የተበላሸውን በፋብሪካው ስም የሚጠግን ድርጅት ነው። ትርፉንም የሚያገኘው ከሽያጩ ብቻ ሳይሆን በተከታዮቹ ዓመታት ከሚሰጠው ጥገናና ከሚሸጠው መለዋወጫ ነው። ስለሆነም ገዢው ተደስቶ እንዲመለስለት ይፈልጋል። ይህ ደግነት ሳይሆን ጥቅም ነው። ጥቅም ሲሆን ግን ከደግነት ይልቅ ሊታመን ይችላል።

ይህን ስንል ወኪል ከነቀፋ ነፃ ነው ማለታችን አይደለም። ወኪል የሚሸጠው የራሱን ዓይነት ብቻ በመሆኑ የሌላውን ሲያመሰግን አይሰማም። ለወራት በግቢው ቆሞ ፀሐይ የመታውን መኪና ቶሎ ለማውጣት ሊጣደፍ ይችላል። እንደዚሁም ገዢው ያልጠየቀውን የቀለም መከላከያ፣ የወንበር ልብስና ሌላም ሌላም በዋጋው ላይ ሊጨምር ይችላል። ሁሉን ዓይነት በአንድ ቀን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የሚቻለው በኤግዚቢሽን ነው። የኤግዚቢሽን እውነተኛ ጥቅምም ይኸው ነው።

ቀብድ የተከፈለበት ተስፋ

ገዢ በኤግዚቢሽን ውበት ተማርኮ ቀብድ ሲከፍል ምን እንደሚደርስ ለማየት ሦስት የታወቁ ታሪኮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የ1948 የለንደን ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኧርልስ ኮርት አዳራሽ በተከፈተው የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን የጃጉዋር ኩባንያ ኤክስ ኬ 120 የተባለውን መኪና አቀረበ። የኩባንያው ኃላፊ ዊልያም ላየንስ ሊሠሩ ያሰቡት 200 ያህል ብቻ ስለ ነበር አካሉ በእንጨት ማዋቀሪያ ላይ በአሉሚኒየም በእጅ የሚሠራ ነበር። ሕዝቡ ግን ከተጠበቀው በላይ ወደደው። በእጅ እየሠሩ ያን ሁሉ ትእዛዝ ለማድረስ ስላልተቻለ አካሉ በብረት እንዲሠራ እንደገና መነደፍ ነበረበት፤ የብረቱም መኪና መውጣት የጀመረው በ1950 ነው። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ የውጭ ምንዛሪ በብርቱ ትፈልግ ስለ ነበር አብዛኛው ወደ ውጭ አገር ተላከ። በለንደን አዳራሽ አይቶ ለተመኘው የአገሩ ሰው መኪናው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖበት ቆየ።

ሁለተኛው በኦክቶበር 1955 በፓሪስ የሆነው ነው። ሲትሮየን ኩባንያ ለብዙ ዓመታት በምስጢር ሲያዘጋጅ የቆየውን ዲ ኤስ 19 የተባለ መኪና በግራን ፓሌ አዳራሽ ገለጠ። መኪናው እንደ ሌሎቹ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ አልነበረም፤ በጋዝና በፈሳሽ ግፊት ይነሳና ዝቅ ይል ነበር። መሪውን፣ ፍሬኑንና ማርሹንም የሚያግዘው ያው የፈሳሽ ግፊት ነው። ሕዝቡ እንዲህ ያለ ነገር ዐይቶ አያውቅም ነበርና አዳራሹ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች 743፣ እስከ ቀኑ መጨረሻ ድረስ ደግሞ 12,000 ያህል ሰዎች ማዘዛቸው ይነገራል።

ያ ሁሉ ሰው መኪናውን አልነዳውም። መኪናው ለገዢዎች መድረስ ሲጀምር ፈሳሹ በየመጋጠሚያው ያፈስ ጀመር። ነገሩን ያባሰው ደግሞ ምስጢሩ ነበር። ሥራው ተሸፍኖ ስለ ቆየ በየከተማው ያሉት የወኪል ጋራዦች መካኒኮች ስለ አዲሱ ዘዴ በቂ ሥልጠና አላገኙም። መኪናው ሲቆም ገዢው ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ ጋራዡም እንደ ገዢው ግራ ይጋባል። በኋላ ጊዜ ጉድለቱ ተስተካክሎ፣ ፈሳሹም በተሻለ ዓይነት ተተክቶ፣ ዲ ኤስ እስከ 1975 ድረስ ከ1,400,000 በላይ ተሠርቷል፤ ከታላላቅ መኪናዎችም አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የፋብሪካውን የሙከራ ሥራ በራሳቸው ገንዘብ አከናወኑለት ማለት ይቻላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ይጠቀሳል።

ዋስትና የሚጸናው ዋሱ እስካለ ነው

ሦስተኛው ታሪክ የጀርመን ነው። ኤን ኤስ ዩ የተባለው ፋብሪካ በ1967 በፍራንክፈርት ኤግዚቢሽን አር ኦ 80 የሚባል መኪና አቀረበ። ሞተሩ ፒስተን የሌለው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን አካል የሚሽከረከርበት የቫንክል ሞተር ነበር። ጋዜጠኞች አደነቁት፤ የ1968 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎም ተመረጠ። ነገር ግን በሚሽከረከረው አካል ሦስት ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች ቶሎ ያልቁ ስለ ነበር የብዙ ሰዎች ሞተር ያለ ጊዜው ተበላሸ።

ፋብሪካው የዋስትና ቃሉን አክብሮ አዳዲስ ሞተሮችን ይተካ ጀመር። ነገር ግን ወጪው እጅግ ከበደው፤ በ1969 በቮልስዋገን ሥር ከአውቶ ዩኒየን ጋር ተቀላቀለ። መኪናው እስከ 1977 መሠራቱ ቢቀጥልም በጠቅላላው የተሠራው 37,000 ያህል ብቻ ነው። ገዢዎቹን ያተረፋቸው የዋስትናው ወረቀት ብቻ አልነበረም። ከወረቀቱ ጀርባ ዕዳውን የሚሸከም ጠንካራ ኩባንያ መገኘቱ ጭምር ነው። ዋስ ከሞተ ወይም አገር ጥሎ ከጠፋ ዋስትናው ምን ያደርጋል?

የኤግዚቢሽን ቅናሽና የሒሳብ ትምህርት

«ታሪኩስ ይሁን፤ ዋጋውስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በዚህ ረገድ የአገሮች ልማድ የተለያየ ነው። በአሜሪካ በ1901 የተጀመረውን የቺካጎ ኤግዚቢሽን ከ1935 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የከተማው የመኪና ሻጮች ማኅበር ራሱ ነው። ተመልካቹ በአዳራሹ አይቶና ጠይቆ ይሄዳል፤ የሚገዛው ግን በኋላ ወደ ወኪል ሄዶ ነው። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ ግን ኤግዚቢሽኑ የለየለት ገበያ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የስንት ሰው ትእዛዝ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል፤ ለገዢውም ነፃ የኢንሹራንስ ዓመት፣ ዝቅተኛ ወለድና ስጦታ ይቀርባል። በዚያም ቢሆን ትእዛዙ ለአንድ ወኪል ይተላለፋል፤ መኪናውንም የሚያስረክበው ወኪሉ ነው። ስለዚህ ገዢው «ከኤግዚቢሽን ገዛሁ» ቢልም በእርግጥ የገዛው ከወኪል ነው።

«ዝቅተኛ ወለድ» የሚለው ማስታወቂያ ግን ከሒሳብ መምህራን ጋር ተቀምጦ መመርመር ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 1,000,000 ብር ለ5 ዓመት ተበደረ እንበል። በኤግዚቢሽኑ የተሰቀለው ሰሌዳ «ወለድ በዓመት 9 በመቶ ብቻ» ይላል። ሌላ አበዳሪ ደግሞ 14 በመቶ ይጠይቃል። የትኛው ይረክሳል? ማንኛውም ተማሪ ያለ ማመንታት «9 በመቶው» ይላል። ሆኖም ወለዱ የሚታሰብበትን መንገድ መጠየቅ አለብን።

የ9 በመቶው ወለድ የሚታሰበው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሙሉው 1,000,000 ብር ላይ ነው እንበል። ስለዚህ በዓመት 90,000፣ በ5 ዓመት 450,000 ብር ወለድ ይሆናል። ጠቅላላው 1,450,000 ብር ለ60 ወራት ሲካፈል በወር 24,167 ብር ያህል ነው። የ14 በመቶው ወለድ ግን የሚታሰበው በየወሩ ባልተከፈለው ቀሪ ዕዳ ላይ ብቻ ነው። ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት ወርኃዊው ክፍያ 23,268 ብር ያህል ሲሆን፣ የ5 ዓመቱ ወለድ በጠቅላላው ወደ 396,000 ብር ይመጣል። እንግዲህ «14 በመቶ» ከ«9 በመቶ» በ54,000 ብር ያህል ረከሰ ማለት ነው። ተበዳሪው ገንዘቡን በየወሩ እየመለሰ ሳለ፣ የመለሰውንም ጭምር ገና እንደያዘው ተቆጥሮ ወለድ ስለሚከፍል፣ ያ 9 በመቶ በቀሪ ዕዳ ሲሰላ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ይህን ስሌት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማሠራት ለተማሪዎች ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

ነገ ሐሳብ ቢለወጥስ?

በኤግዚቢሽን የሚቀርበው ቅናሽ ብዙ ጊዜ «እስከ መዝጊያው ቀን ድረስ ብቻ» የሚል ቃል ይከተለዋል። ሰው በጩኸት፣ በሙዚቃና በሕዝብ ብዛት መካከል ሲቸኩል በቤቱ ሆኖ የማይፈርመውን ይፈርማል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ሁኔታ የተፈረመ ውል በቀላሉ የሚፈርስ ይመስላቸዋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻጭ ከመደብሩ ውጭ ያስፈረመውን ውል ገዢው ብዙውን ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ሊተወው ይችላል። ይሁን እንጂ በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በበርሊን ትርኢት ላይ ስለ ተሸጠ አንድ የጽዳት መሣሪያ በቀረበለት ክርክር፣ ለሽያጭ መሆኑ ለማንኛውም ተመልካች ግልጽ የሆነ የትርኢት ቦታ እንደ ሻጩ መደብር ሊቆጠር እንደሚችል ወሰነ። ይህ ከሆነ ደግሞ የ14 ቀኑ መብት የለም። ትምህርቱ ለማንኛውም አገር ገዢ ይሠራል፤ በአዳራሽ የተፈረመ ፊርማም ፊርማ ነው።

ለአገራችን ገዢ

በኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጃንዋሪ 2024 ከተነገረ ወዲህ፣ አዲስ መኪና መግዛት ማለት በአመዛኙ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ሆኗል። በዚህም የተነሳ የወኪል ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። የቤንዚን መኪና ቢበላሽ በየሰፈሩ የሚጠግነው መካኒክ አይጠፋም ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው በመሆኑ ልዩ ሥልጠናና መሣሪያ ይጠይቃል። ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ባትሪው ነው።

ከዚህም በላይ አንድ መኪና ለየትኛው አገር ገበያ እንደ ተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና የመሙያ ሶኬቱ ለአውሮፓ ከተሠራው ይለያል። በክሩስኮቱ ላይ ያለው ጽሑፍም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና እንሰጣለን ይላሉ። ነገር ግን መኪናው በፋብሪካው ወኪል ሳይሆን በሌላ አስመጪ በኩል የመጣ ከሆነ ያ ዋስትና ድንበር ላይሻገር ይችላል። ስለዚህ «ዋስትና አለው» የሚለው መልስ አይበቃም። ዋስትናውን በዚህ አገር የሚፈጽመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ ከተመለከትነው የምንደርስበት መደምደሚያ ኤግዚቢሽንና ወኪል ተቃራኒዎች ሳይሆኑ ተከታታይ መሆናቸው ነው። ኤግዚቢሽን የማያና የማወዳደሪያ ቦታ ሲሆን፣ የወኪል ድርጅት የመሞከሪያና የመዋዋያ ቦታ ነው።

ወደ ኤግዚቢሽን ስንሄድ ቀብድ ሳይሆን ማስታወሻ ደብተር ይዘን እንሂድ። በየመኪናው ከፊትም ከኋላም ወንበር እንቀመጥ። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍተን ስኮርታ መኖሩን እንይ፤ ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ስኮርታ የላቸውምና። ዋጋውንና የተነገረንን ቅናሽ በጽሑፍ እንውሰድ። ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ወኪል የሚሄድ ሰው ለመከራከር አቅም ያገኛል።

ወደ ወኪል ስንደርስ ደግሞ መኪናውን ዳገትና ጉድጓድ ባለበት መንገድ እንንዳው። የጋራዡን በር አልፈን መካኒኮቹንና የመለዋወጫ መጋዘኑን እንይ። መኪናው የተሠራበትን ዓመት እንጠይቅ። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ በጎኑ ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች መመልከት ይበቃል፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 1424 ማለት በ2024 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ወለዱ በሙሉ ብድሩ ላይ ወይስ በቀሪ ዕዳ ላይ እንደሚታሰብም ሳንጠይቅ አንፈርም።

ስለ ባልደረባችን ሳንናገር ብንጨርስ አንባቢ ቅር ሳይለው አይቀርም። እሳቸው እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፈው ወደ አንድ የመኪና ትርኢት ሄዱ። የወደዱትንም መኪና አገኙ። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ቅናሹ ሁሉ መለሰላቸው። «ባትሪው ቢበላሽ የሚጠግንልኝ ማነው? አድራሻውስ የት ነው?» ሲሉት ግን «እሱ አያሳስብዎት» ብቻ አላቸው። እሳቸውም ቀብዳቸውን በኪሳቸው እንደያዙ ተመለሱ። አሁን ወኪሎችን እየዞሩ በመጠየቅ ላይ ናቸው።

በቅሎ ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የሚጠይቀው ያ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለእኛ ለመኪና ገዢዎች የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል።